የሱፐርማን ደረት ላይ ያለችው ኤስ

የስሙ መነሻ ፊደል ናት ወይስ የቤተሰብ ምልክት ብለህ ለጠየቅከው፣ ሁለቱም ልክ ነው። የትኛውን ሱፐርማን እንዳየህ ይወሰናል።

እ.ኤ.አ. በ1938 ሱፐርማን በኮሚክ (በሥዕል በሚተረክ መጽሔት) ሲጀመር ነገሩ ቀላል ነበር። ኤስ የስሙ መነሻ ናት፣ በቃ። ምልክቷም ትንሽዬ ጋሻ ነገር ነበረች። የአልማዝ ቅርጿን ያገኘችው ቀስ በቀስ ነው።

ጨዋታውን የቀየረው የ1978ቱ ፊልም ነው። ሱፐርማን በተወለደባት ፕላኔት በክሪፕተን ላይ አባቱን ጆር-ኤልን ልብ ብለህ እየው፤ ያችው ኤስ ደረቱ ላይ አለች። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ የየራሳቸውን ምልክት ለብሰዋል። ማንም ምንም ሳያብራራ የዘር ምልክት መሆኗ ይገባሃል። ኮሚኩ ግን ቶሎ እሺ አላለም። በ1986 የኮሚክ ደራሲው ጆን በርን ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጽፈው፣ ምልክቷን ክላርክ (ሱፐርማን በምድር ላይ የሚጠራበት ስም ነው) እና አሳዳጊ አባቱ እዚሁ ምድር ላይ ነደፏት።

በ2013ቱ ፊልም ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን ስለ ኤሷ ስትጠይቀው «ኤስ አይደለም፣ በእኛ ዓለም ተስፋ ማለት ነው» ይላታል። ሐሳቡ ከኮሚክ የመጣ ነው። እኔ ግን እንዲህ ቁጭ ብሎ ማስረዳቱ ብዙም አይመቸኝም፤ የ1978ቱ ይሻለኛል።