«ነገ» ለሚሉሽ ፎርማን

ከኮምቦልቻ የጻፈችልኝ እህት ጥያቄዋ ባጭሩ ይኼ ነው፦ «በሲቪል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከስምንት ወር በፊት የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ፕሮጀክት ማናጀር ሆንኩ። ሥራው ሁለት ወር ዘግይቷል። ፎርማኑ በዕድሜ አባቴን ያህላሉ፤ ስጠይቃቸው ‹ነገ› ይሉኛል። ጠዋት ሳይት መሄድ አስጠልቶኛል። ለቅቄ ፒ.ኤም.ፒ. (የፕሮጀክት አመራር የብቃት ማረጋገጫ) ልማር?»

አብሽሪ፣ እህቴ።

መጀመሪያ ያንን «ሁለት ወር» በትኝው። እንዳለ ተሸክመሽው ከተነሳሽ የማንም ወገብ አይችለውም። የትኛው ሥራ ነው የዘገየው? ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ካልተሞላ የላዩ ኮለን (ምሰሶ) አይቆምም፤ ኮለኑ ካልቆመ ቀጣዩ ወለል የለም። እዚህ ሰንሰለት ላይ አንድ ቀን ከጠፋ ሕንፃው አንድ ቀን ይዘገያል። ክሪቲካል ፓዝ እያሉ ያስተማሩሽ ይኸው ነው። የበር እጀታ ግን ሦስት ሳምንት ቢቆይ ዛሬ የሚጎዳው የለም። ለሰንሰለቱ ተጨነቂ፣ ለእጀታው ተኚ።

ወደ ፎርማኑ ልምጣ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውየው እየዋሹሽ አይደለም። «ሶሌታው መቼ ያልቃል?» ብለሽ ስትጠይቂያቸው «ነገ» የጨዋ መልስ ነው፤ ልጅ ማሳፈር አይፈልጉም። ጥያቄውን ቀይሪው። ሻይ ሰዓት ላይ አጠገባቸው ቁጭ በይና «ጋሼ፣ ለሶሌታው ምን ቀረን? ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ይበቃል? ፌሮ ታስሮ ያላለቀው የቱ ጋ ነው?» በያቸው። ያኔ «የ12 ፌሮ አልመጣም፣ አናጢውም ለቅሶ ሄዷል» ይሉሻል። ፌሮ ማስመጣት ያንቺ ሥራ ነው። «ነገ» የምትለው ቃል ውስጥ የተደበቀው እሱ ነበር።

ፕሮግራሙንም አብረሻቸው ሥሪው። ቢሮ ተቀምጦ የተሠራ ፕሮግራም ዓርብን አያውቅም። ሶሌታ ሙሌት አንዴ ከተጀመረ መሃል ላይ አይቋረጥም፤ ዓርብ ካደረግሽው ግን ጁምዓ ሲደርስ ኮምቦልቻ ውስጥ ግማሹ ሰው ይሄድብሻል። ረመዳንንም፣ ጥምቀትንም፣ የአጨዳ ወራትንም እሳቸው ካንቺ ሶፍትዌር በተሻለ ያውቁታል። ኅዳር ላይ የቀን ሠራተኛው አገሩ ገብቶ ማጨዱ ለአንቺ ድንገተኛ ቢሆን እንጂ ለእሳቸው አይደለም።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ልጅ ሆኜ እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ሳይት ላይ ስሠራ ሐምሌ ውስጥ ዘጠኝ ቀን በዝናብ ቆምን። መሠረቱ ኩሬ ሆኖ ነበር። እኔ አልጻፍኩትም፤ ሁሉም ያየው ነገር ምን ይጻፋል ብዬ። ከወራት በኋላ የጊዜ ማራዘሚያ ስንጠይቅ ደሴ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ «በነዚያ ቀናት እዚህ ፀሐይ ነበር» አለን። እውነቱን ነው! ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ቅርብ ናቸው፣ ሰማያቸው ግን ለየቅል ነው። ማስረጃ አልነበረንም፤ ዘጠኙ ቀን በእኛ ላይ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ደብተር ላይ አምስት መስመር ሳልጽፍ አልተኛም፦ አየሩ፣ የሰው ብዛት፣ የገባ ዕቃ፣ የተሠራው፣ የቆመውና ምክንያቱ። ሳይት ቡክ (የሳይቱ የዕለት መዝገብ) ካለ አማካሪው መሐንዲስ በየቀኑ ይፈርምበት። ፎቶም አንሺ።

ሌላም ጥቅም አለው። ሲከፋሽ የዛሬ ወር የጻፍሽውን ገልጠሽ እይው። «አልተንቀሳቀሰም» ያልሽው ሕንፃ ስንት ኮለን እንዳቆመ ታያለሽ። ሞራል ለማንሳት ከሚሰበሰበው የጥቅስ ፖስተር ሁሉ ይኼ ይሻለኛል።

አለቃሽ ሰው ፊት የሚያዋርድሽ ወይም ደሞዝ የሚያስቀርብሽ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ሥራ ፈልጊ። በደብዳቤሽ ግን እሱን አላየሁም።

ስለ ፒ.ኤም.ፒ.፦ ዲግሪ ላለው ሰው ፕሮጀክት በመምራት ያሳለፈውን 36 ወርና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ለቀሽ ብትማሪ ሰዓቱን ታሟያለሽ፣ ወሩን ግን ክፍል ውስጥ አታገኚውም። ወረቀት አሁኑኑ ካስፈለገሽ ሲ.ኤ.ፒ.ኤም. የሚባል የጀማሪ ፈተና አለ፤ የሥራ ልምድ አይጠይቅም፣ የ23 ሰዓት ሥልጠና ይበቃል። ማታ ማታ እየተማርሽ ትጨርሺዋለሽ። ለፒ.ኤም.ፒ. ስታመለክቺ ደግሞ የትኛውን ፕሮጀክት ከመቼ እስከ መቼ መርተሽ ምን እንደሠራሽ ትሞያለሽ። የዛሬዎቹን ስምንት ወራት የምታስታውሺው ከዚያችው ደብተር ነው፤ ዛሬ ማታ ጀምሪያት።