መኪናው ድንገት ጥፍት ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል፦ ጥያቄና መልስ

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። በሙያዬ በጣም የሚያስጠላኝ ብልሽት "አንዳንዴ" የሚባለው ነው። አንዳንዴ ይጠፋል፣ አንዳንዴ አይነሳም፣ ጋራዥ ሲደርስ ግን ምንም አልነካኝ ይላል። ስለዚህ ስትጠይቁኝ አንድ ነገር አትርሱ። ችግሩ በመጣባት ደቂቃ አብሮ ምን ጠፋ? ዳሽቦርዱ? ሬዲዮው? ክላክሱ? እሱን ካልነገራችሁኝ እኔም እንደ ሌላው ሰው በግምት ዕቃ ላስቀይራችሁ ነው። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ነው የምነዳው። ጉድጓድ ስመታ ሁሉም ነገር ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ዳሽቦርዱም ሬዲዮውም። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ሁሉም ነገር አብሮ ከጠፋ ችግሩ ያለው ሁሉም የሚጋራው መስመር ላይ ነው። የባትሪው ጫፎች፣ ወደ ቦዲና ሞተር የሚሄደው የኔጌቲቭ ኬብል፣ ዋናው ፊውዝ፣ የቁልፉ ኮንታክት። በቃ፣ ሌላ ቦታ አትባዝን።

ከባትሪው ጀምር። ሞተሩን አጥፋና ጫፉ ላይ የታሰረውን ብረት በእጅህ ለማዞር ሞክር። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ አገኘኸው። በተለይ አንተ ባትሪ ቀይሬያለሁ ስላልክ ነው የጠረጠርኩት። ለጃፓን መኪኖች የሚሆን ባትሪ ቀጭን ጫፍ ያለውም ወፍራም ጫፍ ያለውም አለ። የመኪናው ማሰሪያ ለወፍራሙ ሆኖ ባትሪው ባለ ቀጭን ጫፍ ከሆነ፣ ሻጩ ቁራጭ ቆርቆሮ ወይ ምስማር ሸጉጦ አጥብቆ ይሸኝሃል። ለጊዜው ይይዛል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይለቃል። የተሸጎጠውን አውጥተህ ትክክለኛውን ማሰሪያ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሰራውን ቀለበት ግዛ፣ ውድ አይደለም።

ጫፉ ጥብቅ ከሆነ ኔጌቲቩን ኬብል ተከትለህ ውረድ። ቦዲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ፍታ፣ ከስሩ ያለውን ዝገትና ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ፣ መልሰህ እሰር። ኬብሉንም ጫፉ አካባቢ በጣቶችህ ጨመቅ አድርገው። ከፕላስቲኩ ስር እንደ አሸዋ ከተንኮሻኮሸ ውስጡ ተበልቷል። አትጠግነው፣ ቀይረው።

ደግሞ ስትፈታ ሁልጊዜ ኔጌቲቩን አስቀድም፣ ስታስር በመጨረሻ እሰረው። ፖዘቲቩን ስትፈታ መፍቻህ ቦዲ ከነካ ነው እሳት የሚተፋው።

ጥያቄ፦ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ገዝቼ ኬብሎቹን በሙሉ ቢፕ በሚለው ለካኋቸው፣ ሁሉም ቢፕ ይላሉ። ግን ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ቸክ ብሎ ዝም ይላል።

መልስ፦ ቢፑ ነው ያታለለህ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ኬብሉ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሦስቱ ብቻ ቢተርፉ እንኳ ቴስተሩ ቢፕ ይላል፣ ምክንያቱም ቴስተሩ የሚልከው ጅረት ከምንም የማይቆጠር ነው። ሞተሪኖ ግን ሲዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ያንን ጅረት የተረፉት ሁለት ሽቦዎች አይችሉትም።

መለካት ያለብህ ኬብሉ ስራ ላይ እያለ ነው። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ (ከባትሪው ራሱ የወጣው ጉጥ) ላይ አሳርፈው፣ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተሩ ብረት ላይ። አሁን ሰው ቁልፍ አዙሮ ሞተሪኖውን ያስነሳልህ፣ አንተ ቁጥሩን እይ። 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሰላም ነው። 0.5 ወይ 1 ቮልት ካሳየህ ሌባው እዚያ መስመር ላይ ነው፣ ቀስ እያልክ ጫፉን ወደ ባትሪው እያቀረብክ ቁጥሩ የት ላይ ዝቅ እንደሚል ፈልግ። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ እንዲሁ አድርግ፣ እዚያ እስከ 0.5 ድረስ ይታለፋል። በእርሳሱና በማሰሪያው መካከል ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ለዓይን ንጹህ መስሎ 1 ቮልት የሚበላ ማሰሪያ ብዙ ነው።

ሁሉም ጤነኛ ሆኖ አሁንም ቸክ ብቻ ካለ፣ ያኔ ሞተሪኖውን አስወርደው።

ጥያቄ፦ ባትሪ ደህና ነው የሚባለው ስንት ሲሆን ነው?

መልስ፦ አድሮ ጠዋት ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ ከ12 በታች ባዶ በለው። ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 ባይወርድ ጥሩ ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5። አዳዲስ መኪኖች ላይ ቻርጁን ኮምፒውተሩ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው ለአንድ አፍታ 13 ብታይ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ የባትሪዋ ቀይ መብራት ትበራለች፣ ትጠፋለች። ማታ የፊት መብራቱ ይደክማል። መካኒኩ ዲናሞውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ተስተካከለ። ዲናሞ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትግዛ! ዲናሞ ማለት ሞተሩ ሲሰራ ባትሪውን የሚሞላው ነው፤ በመምታት የሚነቃ ከሆነ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ፣ ማለትም ውስጡ ለሚዞረው ክፍል እየተፋተገ ጅረት የሚያደርሰው ቁራጭ፣ አልቆ ነው። ካርቦኑ ሲያጥር በደንብ አይነካም፣ ሲመታ ይነካል፣ ሲንገጫገጭ ይለቃል። ካርቦንና ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው) ብቻውን ይቀየራል፣ ከሙሉ ዲናሞ ጋር ዋጋው አይገናኝም። ቺንጋውንም እይ፣ ላልቶ ከሆነ መብራት ስታበራ ሲጮህ ትሰማዋለህ። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ሶኬት መላላቱንም ፈትሽ።

"ሞተሩ እየሰራ ባትሪውን ንቀልና ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" የሚልህ ካለ አትስማው። ድሮ በአሮጌ መኪና ይደረግ ነበር። ዛሬ ባትሪው በተነቀለበት ቅጽበት ቮልቴጁ ይዘልና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥልብህ ይችላል። ቴስተር እያለ ምን አስቸኮለህ?

ጥያቄ፦ ቁልፉን ስነካው መኪናው ይጠፋል። ጉልበቴ ሲነካውም ያው ነው።

መልስ፦ የቁልፍ ኮንታክቱ ነው። ከቁልፉ ሲሊንደር ጀርባ ያለችው የኤሌክትሪክ ክፍል ውስጧ ይበላል። ብዙ መኪና ላይ ለብቻዋ ትቀየራለች፣ ቁልፍ መቀየር አያስፈልግም።

እስክታስቀይር የቤቱንም የሱቁንም ቁልፍ ከመኪናው ቁልፍ ላይ አውርድ። ቀልድ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪኖችን የጠራው በዚሁ ጣጣ ነው። የቁልፉ ኮንታክት በቀላሉ ስለሚሸራተት፣ ከባድ የቁልፍ መያዣ ወይም የመንገድ ንዝረት እየነዱ እያለ ሞተሩን ያጠፋው ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ የመሪና የፍሬን እገዛ ይቀራል፣ ኤርባጉም አይከፈትም። ኩባንያው ራሱ ባቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሰው በዚህ እንደሞተ ተቆጥሯል። ስለዚህ ይሄን ነገር ለነገ አትበለው።

ጥያቄ፦ የኔ ሞተሩ ብቻ ነው የሚጠፋው። መብራትም ሬዲዮም ይሰራል። ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል።

መልስ፦ እንግዲያው ባትሪና ኬብል ተዋቸው። ያንተ የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያና ማጥፊያ)፣ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ወይም የነዳጅ ፓምፕ ጉዳይ ነው። ሲጠፋብህ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ኦን ላይ አድርግና ጆሮህን ወደ ኋላ ወንበር ጣል፣ ብዙ መኪና ላይ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ዝዝ ይላል። ዝም ካለ ሪሌዩን ከሌላ ተመሳሳይ ሪሌይ ጋር አቀያይረህ ሞክር። የ80ዎቹና የ90ዎቹ ሆንዳዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ዋናው ሪሌይ ውስጥ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም ይለቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ከፍቶ እንደገና መበየድ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ቀን ካቆምኩት ባትሪው ይሞታል። አላርም ካስገጠምኩ በኋላ ነው የጀመረው።

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ነገርሽኝ። አላርምና ጂፒኤስ የሚገጥሙ ልጆች ገመድ ልጠው፣ ጠምዝዘው፣ በፕላስተር ጠቅልለው ነው የሚሄዱት። ሂሳቡ ቀላል ነው። ባትሪሽ 45 አምፔር ሰዓት ቢሆንና መኪናው ቆሞ ግማሽ አምፔር ቢስብ፣ በሁለት ቀን 24 አምፔር ሰዓት ሄደ፣ ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

ኔጌቲቩን ፈትተሽ ቴስተሩን በአምፔር መሃል አስገቢ፣ ቁልፍ አውጪ፣ በሮች ይዘጉ። ወዲያው የምታዪውን ቁጥር አትመኚ፣ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠብቂ። ከዚያ ከ0.05 አምፔር በታች መሆን አለበት። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀዪ። ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ መስመሩን ይነግርሻል። ቴስተሩ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሪ፣ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ላቫጆ ሞተሩን ካሳጠብኩ ጀምሮ ዳሽቦርዱ ላይ የተለያየ መብራት ይበራል ይጠፋል።

መልስ፦ ሶኬት ውስጥ ውሃ ገብቷል። ባትሪ ንቀል፣ ሶኬቶቹን ፍታ፣ በኮምፕሬሰር አየር አድርቅ። ሁለተኛ ሞተር በከፍተኛ ግፊት አታሳጥብ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት። ቻርጁ 70 በመቶ እያለ ጠዋት በሩም አልከፈት አለ። እንዴት ነው ነገሩ?

መልስ፦ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይሄ ጥያቄ በዝቷል። መኪናህ ትልቁ ባትሪ ብቻ አይደለም ያለው፣ እንደ ድሮው ዓይነት 12 ቮልት ባትሪም አለው። በሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ መቶ በመቶ ቢሆንም መኪናው ሬሳ ነው። ዲናሞ ስለሌለው ትንሹን የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ ኮንቨርተር ነው።

የበሩን ሜካኒካል ቁልፍ ከሪሞቱ ውስጥ አውጥተህ ክፈት፣ ትንሹን ባትሪ ለካ፣ በቻርጀር ሙላው። ከሞላ በኋላ መኪናውን አብርተህ እንደገና ለካ። ከ13 በላይ ከወጣ ኮንቨርተሩ እየሰራ ነው፣ ባትሪው አርጅቶ ይሆናል። ከ12 ምናምን ካልተነሳ ወደ ባለሙያ ውሰደው፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ብርቱካናማ ኬብል ባየህበት ቦታ ግን እጅህን እንዳታስገባ።