«ላርጅ» ወይስ «ስሞል»? ክሮስኦቨርስ ስንት ላይ ይሁን? ጥያቄና መልስ

ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ አምስትም ሰባትም ስፒከር የሚነዳውን የቤት ሲኒማ ማሽን ነው። ስትጠይቁ የዉፈራችሁን (ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ የሚያወጣውን ትልቁን ክብ) ኢንችና ወረቀቱ ላይ ያለውን የሄርዝ ቁጥር (ስፒከሩ እስከ የት እንደሚወርድ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) ጻፉልኝ፤ መልሱ የሚወሰነው በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ የፊት ስፒከሮቼ ወገብ የሚደርሱ፣ ወለል ላይ የሚቆሙ ናቸው፤ ዉፈራቸው 6.5 ኢንች ነው። ሪሲቨሩ በማይክራፎኑ ሲለካ ራሱ «ላርጅ» አላቸው። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። «ስሞል» አድርጋቸውና ክሮስኦቨሩን (ድምፁ የሚከፈልበትን የሄርዝ ቁጥር) 80 ሄርዝ ላይ አድርግ። ሰውን የሚያሳስተው ስያሜው ነው። «ላርጅ» ማለት «ቤዙን በሙሉ ራሱ ይሸከም» ማለት እንጂ የሳጥኑን ትልቅነት አይናገርም። «ስሞል» ስትለው ከክሮስኦቨሩ በታች ያለው ወደ ሳብዉፈሩ፣ ለቤዝ ብቻ ወደተሠራው ስፒከር፣ ይሄዳል። ድምፁ እኩል ጮኾ እንዲሰማ ከ80 ወደ 40 ሄርዝ ሲወርድ ኮኑ (የዉፈሩ ተንቀሳቃሽ ገጽ) አራት እጥፍ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ አለበት። ፍንዳታ ሲመጣ ዉፈሩ ከዚህ ጋር ይታገላል፤ በዚያው ኮን የሚወጣው የሰው ንግግርም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሸክሙን ስታነሳለት ንግግሩ ይጠራል፣ አምፕሊፋየሩም ይቀለዋል። ማሽኑ «ላርጅ» ያለው ክፍሉ ውስጥ ስለለካ ነው፤ ማዕዘን አጠገብ የቆመ ስፒከር ግድግዳው ቤዙን ያጎላለታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ 80 ለሁሉም ይሠራል? የእኔ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ባለ 3 ኢንች ናቸው፤ ወረቀቱ 110 ሄርዝ ይላል።

መልስ፦ ለአንቺ አይሠራም እህቴ። 80 የቲኤችኤክስ (ለሲኒማ ድምፅ የጥራት ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት) መለኪያ ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ መለየት ስለሚቸግረው ጥሩ መነሻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው 110 ግን ስፒከሩ መድከም የጀመረበት ቁጥር ነው። በ1.4 አባዢው፤ 154 ይመጣል፣ ስለዚህ 150 ላይ አድርጊ። 80 ላይ ብትተዪው ከ80 እስከ 110 ያለውን ማንም በወጉ አያወጣውም፤ ድምፁ የሳሳ ይሆናል። 150 ላይ ደግሞ የሳብዉፈሩ ቦታ በጆሮ መታወቅ ይጀምራል። ሶፋው ጀርባ ካለ የወንድ ተዋናይ ድምፅ ግማሹ ከኋላሽ ይመጣል፤ ወደ ፊት አምጪውና ከመሃሉ ስፒከር ጎን አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ ሳብዉፈሩ ጀርባ ላይ ያለውንስ የክሮስኦቨር ማዞሪያ?

መልስ፦ እስከ መጨረሻው አዙረው፤ «ኤልኤፍኢ» (የፊልሙ የቤዝ ቻነል) የሚል መግቢያ ካለው ገመዱን እዚያ ሰካ። ማዞሪያው 60 ላይ፣ ሪሲቨሩ 80 ላይ ከሆኑ ሁለት ማጣሪያ ተደራርቦ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል።

ጥያቄ፦ ሜኑው ውስጥ «ኤልፒኤፍ ለኤልኤፍኢ፦ 120 ሄርዝ» የሚል አለ። ይህንንም 80 ላድርገው?

መልስ፦ 120 ላይ ይቆይ። ኤልፒኤፍ ከቁጥሩ በላይ ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያ ነው። እሱ የስፒከሮችህ ክሮስኦቨር አይደለም፤ ፊልሙ ላይ ለብቻው የተቀዳው የቤዝ ቻነል፣ 5.1 ስንል ነጥብ አንዱ፣ የሚቆረጥበት ነው። 80 ካደረግከው ፊልም ሠሪው ያስገባውን ትጥለዋለህ፤ የትኛውም ስፒከር አይተካልህም።

ጥያቄ፦ «ኤልኤፍኢ ፕላስ ሜን» ላይ ሳደርገው ቤዙ በዛ። ጥሩ አይደለም?

መልስ፦ በዛ እንጂ አልጠራም። አንዱ ቤዝ ከፊት ስፒከሮቹም ከሳብዉፈሩም ሲወጣ አንድ ወንበር ላይ ይደራረባል፣ ሌላው ላይ ይጠፋፋል። ወደ «ኤልኤፍኢ» መልሰውና ጉልበት ካነሰህ የሳብዉፈሩን ሌቨል 2 ወይም 3 ዴሲቤል ጨምር።

ጥያቄ፦ ማሽኑ 90 ያለውን ክሮስኦቨር ወደ 60 ማውረድ ይቻላል?

መልስ፦ ከፍ ማድረግ እንጂ ማውረድ አልመክርም። ኦዲሲ (በማይክራፎኑ ለክቶ ድምፁን የሚያስተካክል ፕሮግራም) ያለው ሪሲቨር ማስተካከያውን የሚሠራው ስፒከሩ እስከወረደበት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሳይስተካከል ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም እንዳሉት አድርጌያለሁ፤ ነገር ግን ሶፋው ላይ ቤዙ የለም፣ በሩ ጋ ስቆም ግን ያንቀጠቅጣል።

መልስ፦ ሁለት ነገር ይመርምሩ። መጀመሪያ ፌዙን (የሳብዉፈሩ ድምፅ ከስፒከሮቹ ጋር እኩል መግፋቱን)፦ 80 ሄርዝ የሆነ ቶን ያጫውቱና እርስዎ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው የሳብዉፈሩን የፌዝ ማብሪያ ከ0 ወደ 180 ይቀይር። ጎላ ብሎ የተሰማዎት ላይ ይተዉት። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ችግሩ ቦታው ነው። ሳብዉፈሩን እርስዎ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ያውጡት፣ ቤዝ ያለው ሙዚቃ ይክፈቱና በግድግዳው ዳር በእጅና በጉልበት እየሄዱ ያዳምጡ፤ ጆሮዎ ወለሉ አጠገብ ይሁን። ቤዙ ሳይጎረብጥ እኩል የተሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ካዘዋወሩት በኋላ በማይክራፎኑ እንደገና ይለኩ። የሳብዉፈሩ ሌቨል −12 ዴሲቤል ላይ ከወጣ ማሽኑ ከዚያ በታች መውረድ አቅቶት ነው፤ የሳብዉፈሩን ቮልዩም ትንሽ ቀንሰው ይድገሙት። የሳብዉፈሩ ርቀት በሜትር ከለኩት በላይ ሆኖ ቢወጣ አይንኩት፤ ሳብዉፈሩ ውስጥ ያለውን መዘግየት ቆጥሮ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሪሲቨር ልኮልኛል፤ አዲስ አበባ ነኝ። ልሰካው?

መልስ፦ ቆይ! ጀርባው ላይ፣ የመብራት ገመዱ አጠገብ ያለውን አንብብ። 120 ቮልት ብቻ ካለ 220 ላይ ስትሰካው ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ፤ ዋቱ ሪሲቨሩ ላይ ከተጻፈው እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ሳብዉፈሩም አብሮ ከመጣ የእሱንም ዋት ደምር።

ጥያቄ፦ ሳብዉፈር የለኝም፤ «ስሞል» ላይ ማድረግ አልቻልኩም።

መልስ፦ ትክክል ነው። «ሳብዉፈር የለም» ስትለው የፊቶቹን በግድ «ላርጅ» ያደርጋቸዋል፤ አለዚያ ቤዙ መሄጃ የለውም። የመሃልና የኋላዎቹን «ስሞል» አድርግ፤ የእነሱ ቤዝ ወደ ፊቶቹ ይዞርልሃል።