ሀገሪቱ ከስሟ ትበልጣለች ወይ?

«ኦሊምፒክን ወይም የዓለም ዋንጫን ማዘጋጀት የሀገርን ገጽታ በእርግጥ ይገነባል? ወይስ ለአንድ ወር ፈንጠዝያ የሚባክን ገንዘብ ነው?» ተብሎ ለተጠየቀው ከገጠመኜ ተነስቼ ልመልስ። ሁለት የዓለም ዋንጫዎችን በቅርብ አይቻለሁ። አንዱን እየሠራሁ፣ ሌላውን ትኬት ገዝቼ። ስለዚህ መልሴ ረዘም ይላል። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ2010 ጆሃንስበርግ ነበርኩ። በስደት ነበር የምኖረው። በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ተመዘገብኩና ተመልካቾችን ወደ ሶከር ሲቲ ስታዲየም የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ማቆሚያ ላይ ተመደብኩ። ሥራው ከባድ አልነበረም። የመጣውን ሰው ሰላም ማለት፣ የሚሳፈርበትን ማሳየት፣ ማታ ሲመለስ ደግሞ መኪናውን የት እንዳቆመ ከጠፋበት አብሮ መፈለግ።

ከውድድሩ በፊት የነበረውን ወሬ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ስታዲየሞቹ አይደርሱም ተባለ። ወንጀሉ አያስወጣም አያስገባም ተባለ። ወደ ሌላ ሀገር ይዛወር የሚሉም ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ ለተጓዥ ደጋፊዎች ተብሎ ስለት የማይበሳው ሰደርያ እስከ መሸጥ ተደርሶ ነበር።

መክፈቻው ቀን፣ ጁን 11፣ አንድ አባትና ልጅ መጡ። ከአውሮፓ ናቸው። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አባትየው የጀርባ ቦርሳውን ወደ ፊት አዙሮ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎታል። በአንድ እጁ ቦርሳውን አቅፏል፤ በሌላው የልጁን ክንድ ጨብጧል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ጋ ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል አልኩት። ግን አላነሳም።

ያን ቀን ደቡብ አፍሪካ ከሜክሲኮ ጋር 1 ለ 1 ተለያየች። የውድድሩን የመጀመሪያ ጎል ያገባው የባለሜዳዎቹ ሲፊዌ ሻባላላ ነበር። ከመሸ በኋላ አባትና ልጁ ተመለሱ። ልጁ ቩቩዜላ ይነፋል። ከማያውቋቸው የሀገሬው ሰዎች ጋር ተቃቅፈው እየዘፈኑ ነው ከአውቶቡስ የወረዱት። አባትየው ቦርሳውን ወደ ጀርባው መልሶታል። ዚፑ በግማሽ ተከፍቷል፤ እሱ ልብ እንኳ አላለውም።

ገጽታ ግንባታ የሚባለውን ነገር እኔ በዓይኔ ያየሁት እዚያ ቦርሳ ላይ ነው።

ለምን ሆነ ብዬ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አሁን የደረስኩበት ይህ ነው። ሀገሪቱ ከስሟ የተሻለች ከሆነች ውድድሩ ይጠቅማታል። ስሟ ከእሷ የተሻለ ከሆነ ግን ይጎዳታል። ያ አባት በጭንቅላቱ ይዟት የመጣት ደቡብ አፍሪካ በጣም አስፈሪ ነበረች። ያገኛት ደግሞ ችግር እያለባትም ሰው የሚያቅፍ ሕዝብ ያላት ሀገር ነበረች። ልዩነቱ ነው ስሟን ያነሳው። ስታዲየሙማ ስታዲየም ነው፤ አባትየው በሀገሩም ከዚያ የማያንስ አለው።

ብራዚልን በዚህ ዓይን እዩዋት። ብራዚል ሲባል ሰው የሚያስበው እግር ኳስ፣ ጭፈራና ፀሐይ ነበር። ከዚያ የበለጠ ስም ከየት ይመጣል? በ2013 ግን፣ ዋንጫው አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። «ሆስፒታላችንም የፊፋ ደረጃ ይኑረው» የሚል መፈክር ይዞ ነበር። ማናውስ ላይ፣ አማዞን ጫካ መሃል፣ ከ40,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተሠራ፤ በከተማዋ ግን ያንን የሚሞላ ክለብ አልነበረም። በ2014 በገዛ ሜዳቸው በጀርመን 7 ለ 1 ተሸነፉ። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የጠላቂዎቹ ገንዳ ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ዓለም ስለ ብራዚል ያላወቀውን ሁሉ አወቀ። ያ ሁሉ ችግር ድሮም ነበረ። ካሜራ ግን አልነበረም።

ጃፓን የዚህ ተቃራኒ ናት። በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክን ስታዘጋጅ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 19 ዓመቱ ነበር። የብዙ ሰው ትዝታ ውስጥ ጃፓን ማለት ጦርነት ነው። ችቦውን የለኮሰው ወጣት፣ ዮሺኖሪ ሳካይ፣ የተወለደው ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ በተጣለበት ቀን፣ በዚያው ግዛት ነው። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ደግሞ ሥራ የጀመረው ጨዋታው ሊከፈት 9 ቀን ሲቀረው ነበር። ሀገሪቱ ከስሟ ርቃ ሄዳ ነበር። ኦሊምፒኩ ያደረገው ነገር ያንን ማሳየት ነው።

ስለ ጀርመን ትንሽ ልቆይ። ሙኒክ በ1972 ስታዘጋጅ የታሰበው አንድ ነገር ነበር፤ በ1936 ሂትለር በርሊን ላይ ያሳየውን ኦሊምፒክ ከሰው አእምሮ ማውጣት። ስለዚህ ወታደርና መሣሪያ እንዳይታይ ተደረገ። ጥበቃው ቀለል አለ። ጨዋታው ደስ የሚል፣ ክፍት፣ ሰላማዊ እንዲሆን ተፈለገ። በዚያው ክፍተት ታጣቂዎች ገቡ። 11 የእስራኤል ቡድን አባላት፣ አንድ ጀርመናዊ ፖሊስም ተገደሉ። ከሙኒክ ለዓለም የቀረው ምስል በረንዳ ላይ የቆመ ፊቱን የሸፈነ ሰው ሆነ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ያመኛል፤ በጎ ሐሳብ ይዘው ነበር የተነሱት። ግን አዘጋጅ መድረኩን ይሠራል እንጂ የትኛው ፎቶ እንደሚቀር አይመርጥም።

በ2006 ጀርመን ለዓለም ዋንጫ እንደገና እንግዳ ተቀበለች። መፈክሩ «ዓለም በወዳጆች ቤት» ዓይነት ነበር። ትኬት ላልያዘው ሰው በየከተማው አደባባይ ትልልቅ ስክሪን ተተከለ። በርሊን ብራንደንቡርግ በር አካባቢ ያ ሁሉ ሕዝብ አብሮ ሲያይና ሲጨፍር ከረመ። ጀርመን የታወቀችው በሥርዓትና በሰዓት አክባሪነት ነው፤ እንግዳው ግን ተጫዋች ሕዝብ አገኘ። ለእኔ ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር አደባባዩ ነው። ስታዲየም የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። ሀገርን የሚያውቀው ሰው ውጭ የቀረው ነው፤ ከታክሲ ነጂው ጋር የሚያወራው፣ መንገድ የሚጠይቀው።

አሁን የራሴን መራራ ክፍል ልንገራችሁ። ጆሃንስበርግ ላይ፣ በ2010ሩ ውድድር የመጨረሻ ሳምንት፣ የበጎ ፈቃደኛ ጃኬቴን እንደለበስኩ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ፣ «ዋንጫው ሲያልቅ እናንተም ትሄዳላችሁ» ተባልኩ። ያን ሰሞን ወሬው በየሰፈሩ ነበር፤ እንግዶቹ ሲመለሱ አፍሪካውያን ስደተኞች ይጠቃሉ የሚል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2008፣ በእንዲህ ያለ ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ተገድሎ ስለነበር ቀልድ አልነበረም። በርካታ ሰዎች ንብረታቸውን ጥለው ከሰፈራቸው ወጡ። መንግሥት ፖሊስና ወታደር ወደ አንዳንድ ሰፈሮች ላከ። እኔ ቀን ቀን እንግዳ ስቀበል ዋልኩ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር የምተኛው።

ሁለቱም እውነት ነው። የዚያ አባት ቦርሳ እውነት ነው። የእኔም ሻንጣ እውነት ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ እንግዳው የሚያየው የተጠረገውን ክፍል ነው። «ገጽታው ተገነባ» ሲባል «በማን ዓይን?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ኳታርንም በዚሁ ዓይን ነው ያየኋት። በ2022 ለጥቂት ቀናት ዶሃ ሄጄ ነበር። ሀገሪቱ የዓለም ዋንጫን እንድታዘጋጅ በዲሴምበር 2010 ስትመረጥ ካርታ ላይ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ብዙ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለ12 ዓመት ስሟ ከጋዜጣ አልጠፋም፤ ብዙ ጊዜም የሚነሳው ከሠራተኞች ሞትና እንግልት ጋር ነበር። ለውጥ አልመጣም አልልም። በ2020 ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር እንዲችል ሕጉ ተሻሻለ፤ በወር 1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝም ተወሰነ። ያ ሁሉ ዓይን ባይኖር ይህ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ለሞቱት ግን አልደረሰም።

ዶሃ ላይ በልቤ የቀረው ሰው አንድ ወጣት ኬንያዊ ነው። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ትልቅ የስፖንጅ ጣት ይዞ፣ «ሜትሮ! በዚህ በኩል!» እያለ በዜማ መንገድ የሚያሳይ። ሰው ሁሉ እየተከተለው ይዘምር ነበር። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ በኋላም ስታዲየም ውስጥ ገብቶ ተመልካቹን ሰላም እንዲል ተጋበዘ። ያ ሁሉ ቢሊዮን ዶላር ከፈሰሰ በኋላ፣ ቢያንስ እኔ ባየሁት፣ ለሀገሪቱ የእንግዳውን ልብ የገዛላት ለእንጀራው የመጣ ስደተኛ ነው። እሱን ሳይ የአውቶቡስ ማቆሚያው ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

ዘላቂነቱስ? ሩሲያ ሶቺ ላይ በ2014 የክረምት ኦሊምፒክ ስታዘጋጅ ወጪው ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ጨዋታው ፌብሩዋሪ 23 ተዘጋ። አንድ ወር ሳይሞላ የዩክሬኗን ክሪሚያን ወደ ግዛቷ ቀላቀለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሶቺ መክፈቻ ያወራ ሰው ሰምታችኋል? በዓሉ የወር ነው፤ ፖለቲካው የየዕለት ነው።

በሙሉ ልቤ «አዎ» የምልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዷ ሴኡል ናት። በ1987፣ ኦሊምፒኩ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ደቡብ ኮሪያውያን ወታደራዊውን አገዛዝ በመቃወም መንገዱን ሞሉት። ዓለም ሊመጣ ነው፤ ካሜራው ደርሷል። አገዛዙ ጦር ማሰማራቱን ትቶ በጁን ወር ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ እንዲመርጥ ተስማማ። ለዚያ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ግን ኦሊምፒኩ አንዱ ነበር። በ1988 ሶቪየት ኅብረትም አሜሪካም ተገኙ። በ1989 ከኮሚኒስቷ ሃንጋሪ፣ በ1990 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተጀመረ። እዚህ ላይ የተለወጠችው ሀገሪቱ ራሷ ናት፤ ስሟ ተከትሎ ነው የተለወጠው።

ሌላዋ ባርሴሎና ናት። ከ1992 በፊት ባሕሩ ዳር ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ከተማዋ ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የኖረችው። ለኦሊምፒኩ ተብሎ ያ ሁሉ ተነሳና የባሕር ዳርቻው ለሰው ተከፈተ። መጀመሪያ የተጠቀመው ነዋሪው ነው። እንግዳው ከዚያ በኋላ ጎረፈ። እንዲያውም ዛሬ ነዋሪው ቱሪስት በዛብን ብሎ ሰልፍ የሚወጣባት ከተማ ሆናለች።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ሞንትሪያል የ1976ቱን ኦሊምፒክ ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው። ያኔ ሲጨፍር የነበረው ወጣት ዕዳውን ሲከፍል ጎልምሷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአንዳንድ ሀገር ትልቁ ስም የመጣው በማዘጋጀት አይደለም። በ1960 ኦሊምፒክን ያዘጋጀችው ሮም ናት። ማራቶኑ ያለቀው ሌሊት፣ በችቦ ብርሃን፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። መድረኩንም መብራቱንም ያዘጋጀችው ጣሊያን ናት። የዓለም ጋዜጣ የያዘው ግን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባውን አበበ ቢቂላን ነው። ለስታዲየም የሚወጣው ገንዘብ ሩብ ያህሉ እንኳ ለልጆች ሥልጠና ቢውል እያልኩ የምቆጨው እሱን እያሰብኩ ነው።

«ታዲያ ትንሽ ሀገር ምን ታድርግ?» ለሚለው፣ በእኔ እምነት በአቅም ልክ ያለውን መምረጥ ነው። የሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ በሴፕቴምበር 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን አዘጋጀች፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ትልቅ ስታዲየም አላስፈለገም። ሜዳው የከተማዋ መንገድ ነው፤ ትኬትም አያስፈልግም፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ዳር ይቆማል። ከውድድሩ ወራት በፊት፣ ሩዋንዳ እጇ አለበት በሚባለው የምሥራቅ ኮንጎ ጦርነት ምክንያት ውድድሩ እንዲሰረዝ የአውሮፓ ፓርላማ ሳይቀር ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ ያ ጥያቄ በብስክሌት አይመለስም። ለሰዓታት የተላለፈው ምስል ግን ንጹሕ ጎዳናና ዳገቱ ላይ ተደርድሮ የሚያበረታታ ሕዝብ ነበር። በቴሌቪዥን ስከታተል አንድ ልጅ ግንብ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ ላለፈው ተወዳዳሪ ሁሉ ሲያጨበጭብ አየሁ። የመጨረሻው እስኪያልፍ ድረስ አልወረደም።