መቅደላ ላይ ስለታሰሩት፣ ለጠየቃችሁኝ ልጆች

ልጆቼ፣

«ሰው ለዓመታት ታግቶ እንዴት አእምሮውን አይስትም?» ብላችሁኛል። ጥያቄያችሁ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። እኛ የታሪክ መምህራን መቅደላን ስናስተምር ሴባስቶፖል ስለተባለው መድፍና ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ እያወራን ደወሉ ይደወላል፤ እስረኞቹ ጋ አንደርስም።

የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በአፄው ትእዛዝ የታሰረው ታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ነው። ሊያስፈታው የተላከው ራሳም ራሱ ከሐኪሙ ብላንክና ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር ሐምሌ 1858 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በእግር ብረት ታሰረ። ብረቱ ቁልፍ የለውም፤ ቁርጭምጭሚት ላይ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይገጠማል። ሥሩ ጨርቅ ካልተጠመጠመበት ቆዳ ይልጣል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። በዚያ ብረት እየተጎተቱ አትክልት ተከሉ፤ ብላንክ የአምባውን ሕሙማን ያክም ነበር፤ ደብዳቤና ብር ከምጽዋ በምስጢር ይደርሳቸዋል። ዘር የዘራ ሰው ነገ የሚያየው ቡቃያ አለው። «ለፋሲካ እንፈታለን» ያለው ግን ፋሲካ ሲያልፍ ይሰበራል። ስለዚህ እናንተም ብትታገቱ ጠባቂ የነገራችሁን የመፈቻ ቀን አትያዙ። ያለፈውን ቀን ቁጠሩ፤ የቀረበውን ባትወዱትም ብሉ፤ ሰውነታችሁን አፍታቱ፤ በፖለቲካ አትከራከሩ። እንደ ውሃና ሳሙና ያለ ትንሽ ነገር በጨዋ ቃል ጠይቁ፤ ሲለምድ ጠባቂው በስማችሁ ይጠራችኋል፤ በስሙ የሚጠራውን ሰው መጉዳት ይከብደዋል። ኔትወርክ ግማሽ ቀን ሲጠፋ የምትሆኑትን ሳይ ግን መለማመጃው ዛሬውኑ ቢጀመር እላለሁ።

ማምለጥ አይሞከርም ባይ ነኝ። እዚያው ታግተው የነበሩት ምኒልክ ግን ሰኔ 1857 ዓ.ም. ከዚያው አምባ አምልጠው ሸዋ ገቡ፣ ነገሡም፤ ይህን ስህተት ነበር ማለት አልችልም። ዕዳውን የከፈለው ሌላ ነው። የወሎዋ ገዢ ወርቂት አሳለፏቸው፤ በአፄው እጅ የነበረው የወርቂት ልጅ በዚህ ምክንያት ተገደለ።

ከሁሉ የሚያስፈራው መጀመሪያውና መጨረሻው ነው፤ ያኔ አጋቹ ራሱ ይደነግጣል። የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች እንጀራና ውሃ ብለው ጮኹ። አፄው ተቆጥተው አስገደሏቸው፤ ገደል የተወረወሩም አሉ። ራሳምና ጓደኞቹ የተለቀቁት ሚያዝያ 4 ቀን ነው።