የአዳማ ንፋስና ክሪኬታችን

ወንድሜ፣ አዳማ ላይ የክሪኬት (የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ክለብ ይዞ መቆየት ያደክማል ወይ ብለሃል። ያደክማል፣ ግን ደስ ይላል! መጀመሪያ ውድ የቆዳ ኳስ አትግዛ። እንደ ፓኪስታኗ ካራቺ ልጆች የቴኒስ ኳስ በናስትሮ ጠቅልል። ጠበቅ አድርገህ፣ ሳይሸበሸብ። እኛ ቅዳሜ ማታ ሻይ እየጠጣን ነው የምንጠቀልለው፤ ከጨዋታው እኩል የምወደው ሰዓት ነው። ሜዳው ላይ ኳስ ለሚወረወርበት መስመር 20.12 ሜትር ለክታችሁ ድንጋዩን ልቀሙ፣ ውሃ ረጭታችሁ ደልድሉ። ንፋሱን ደግሞ ታውቀዋለህ። ከመቺው ጀርባ በሚተከሉት ሦስት ችካሎች አናት የሚቀመጡትን ሁለት ትንንሽ እንጨቶች ሲጥላቸው (ኳስ ቢጥላቸው መቺው ከጨዋታ ይወጣልና) የሰፈር ልጆች «ንፋስ አወጣው!» እያሉ ይጨፍራሉ። አታስብ፣ ዳኞቹ ከተስማሙ ያለ እንጨቶቹ መጫወት በሕጉ ይፈቀዳል። እሁድ ጠዋት ብቅ በል፣ ዱላ እናውስሃለን።