አውሬው ከሄደ በኋላ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ግቢ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ሰሞኑን ከዶርም ጓደኞቼ ጋር የድሮውን የጃፓን ጎድዚላ አየን። እነሱ ጎማ የለበሰ ሰው የአሻንጉሊት ቤት ይረግጣል እያሉ ሳቁ። እኔን ግን ሆስፒታሉ ሲታይ ከፋኝ። ፊልሙ ስለ አቶሚክ ቦምብ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ ተቺዎች የለጠፉበት ነገር ነው?

መልስ፦ እውነት ነው ልጄ፤ ማንም አልለጠፈበትም። ቀኖቹን ብቻ ተመልከት። አሜሪካ ቢኪኒ ደሴት ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ያፈነዳችው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 ነው። የፍንዳታው ኃይል 6 ሜጋቶን ገደማ ይሆናል ሲባል 15 ሜጋቶን ሆነ። ፊዚክስ ተማሪ ነህና የሂሮሺማውን ሺህ እጥፍ ያህል መሆኑን ራስህ ታሰላዋለህ። «ዕድለኛው ዘንዶ ቁጥር 5» የተባለችው የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ከተከለለው ክልል ውጭ ነበረች፤ ከፍንዳታው የመጣው ጨረር ያለበት ነጭ አመድ ግን 23ቱም ሰዎቿ ላይ ዘነበ። የጀልባዋ የሬዲዮ ሠራተኛ አይኪቺ ኩቦያማ ሴፕቴምበር ላይ ሞተ። ፊልሙ የወጣው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀን ነው። አሁን መጀመሪያውን አስታውስ፦ መርከበኞች ጀልባቸው ላይ አረፍ ብለው ሳለ ባሕሩ በድንገት በብርሃን ይፈነዳል። ያን ዓመት ሲኒማ የገባ የቶኪዮ ሰው ምን እያየ እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ከቻይና ግንባር ሲመለስ በፈራረሰችው ሂሮሺማ በኩል አልፏል። ጓደኞችህ የሳቁበት የጎማ ቆዳ እንኳ የቦምቡ ተጎጂዎች ገላ ላይ የቀረውን ያበጠ ጠባሳ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው።

አንተን የከፋህ ቦታ ግን ለእኔ የፊልሙ እምብርት ነው። አውሬው ከተማውን አቃጥሎ ወደ ባሕሩ ከተመለሰ በኋላ ሆንዳ ታሪኩን ለማስሮጥ አልቸኮለም። ቁስለኞቹ ወለሉን ሞልተው ተኝተዋል፤ የጨረር መለኪያው አንዲት ሕፃን ላይ ሲደረግ ይጮኻል፤ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ «አሁን አባታችሁ ጋ እንሄዳለን» ትላቸዋለች። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. ማርች 1945 በአንድ ሌሊት የእሳት ድብደባ ወደ 100,000 ሰው ያለቀባት ከተማ ናት። ብዙው ተመልካች ያንን ሌሊት ያለፈ ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ ጦር ጃፓንን እስከ እ.ኤ.አ. 1952 ሲያስተዳድር የቦምቡን ተጎጂዎች ፎቶ እንደልብ ማሳየት አይቻልም ነበር። አፍ አውጥቶ ያልተለቀሰ ሐዘን በአውሬው በኩል ወጣ።

ይህ ፊልም ከሩቅ አገር የመጣ አይመስለኝም። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ሰሜን ግንባር ላይ ወታደሩንም ገበሬውንም ከብቱንም በመርዝ ጋዝ ሲያቃጥሉ ንጉሡ ጄኔቭ ድረስ ሄደው ተናገሩ። ከግቢህ ትንሽ ከፍ ብሎ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለን። ከሰማይ ለወረደው መርዝ ግን እንደ ጎድዚላ ሕዝብ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቀሰበት ፊልም እኔ አላየሁም። የናንተ ትውልድ ቢሠራው ከልቤ ደስ ይለኛል።

ደግመህ ልታየው ካሰብክ የጃፓኑን ቅጂ ያዝ። በእ.ኤ.አ. 1956 አሜሪካ የወጣው ቅጂ ተዋናዩ ሬይመንድ በር በጋዜጠኛነት የገባበት ነው፤ ባቡር ውስጥ ከናጋሳኪ ስለ መትረፏ የምታወራዋ ሴት ተቆርጣለች። የኑክሌር ሙከራው ከቀጠለ ሌላ ጎድዚላ ሊነሣ ይችላል የሚለው የፊልሙ ሳይንቲስት የዶክተር ያማኔ የመጨረሻ ንግግርም እዚያ ውስጥ የለም።